ሁለተኛው በርሜል

ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ
ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ርሆቦት፣

«ከእንግዲህ የሚወዱትን አቅምሷቸው፤ ምንም አትከልክሏቸው።»

ይህን ያለው ሐኪሙ ነው። ያለው ለእኛ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እናትሽን ለክትትል ወስደናት ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ አጠገባችን ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተኝተው ለነበሩ አንድ ሽማግሌ ልጆች ነው የተናገረው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን እናትሽ በታኅሣሥ ከወደቀች ወዲህ በአምስት ወር ውስጥ ከሐኪም አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ግልጽ ምክር ስለነበረ በደብተሬ ጻፍሁት። አክስትሽ ወለተ ኪዳን አንገቷን አስግጋ «ምን እየጻፍህ ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት» አልኋት።

«ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት አይወሰድም።»

እውነቷን ነው። ግን ሽማግሌውን አየሁ፣ እናትሽን አየሁ፣ ብዙ ልዩነት አላገኘሁም። እኛ ተራችን ደርሶ ገብተን ስንወጣ አልጋው ባዶ ነበር፤ አንሶላውም ተነሥቷል። ቤታቸው ወስደው የሚወዱትን እያቀመሷቸው ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ አትቀየሚኝ። ይኸው ሰላምታው፦ እንዴት ነሽ? ብርዱ ቀነሰልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይቃወማል እንጂ ሜዳ ላይ ይታዘዘኛል። ሰፈራችን ያው ነው፤ ትናንት ጤፍ የነበረው ዛሬ የፎቅ ምሰሶ ሆኗል፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ የገበሬው ላም ታስራለች። እናትሽ እንዳለች ናት።

ጠርሙሱ ደርሷል። ጓደኛሽ ኪዲ በሦስት ሹራብ ጠቅልላ እንደ አራስ ሕፃን አቅፋ ነው ያመጣችው። ከነገ ወዲያ ዓርብ ወዳንቺ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ የምትይዘው እሷው ናት። በስልክ ለምን እንዳልነገርሁሽ ወደ ታች ታገኚዋለሽ። እስካሁን ያሳበብሁት በኔትዎርኩ ነበር፤ እሱም አልፎ አልፎ እውነተኛ አድርጎኛል።

ከጠርሙሱ ጋር የላክሽውን ማስታወሻ ዐሥራ አንድ ጊዜ አነበብሁት። የገባኝን ልድገምልሽ፤ ከተሳሳትሁ አርሚኝ። ውስኪው አንቺ ራስሽ ቀማሚ ሆነሽ ያወጣሽው የመጀመሪያው ነው። አምስት ዓይነት የገብስና የሌላ እህል ውስኪ አዋህደሻል። መጀመሪያ በአንድ የኦክ በርሜል ዓመታት የቆየውን አውጥተሽ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ ሁለተኛ አዲስ በርሜል ስምንት ወር አሳድረሽዋል። አለቆችሽ ወደውታል። አንቺን ግን እንቅልፍ የነሳሽ ነገር አለ፦ ሁለተኛው እንጨት መጠጡን ያግዘዋል ወይስ ጉድለቱን ይሸፍንለታል? ይህን የምትለይ አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ ብለሻል፤ መጠጥ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የቀመሰች፣ ልጇንም በሰባት ዓመቷ ዓይኗን ሸፍና ብቅልን ከብቅል ያስለየች። ከዚያ ይቀጥልና እንዲህ ይላል፦ «እማዬ ‹ያግዛል› ካለች አቀርበዋለሁ፤ የሦስት ዓመቱንም ውል እፈርማለሁ። ‹ይሸፍናል› ካለች ትቼው አገሬ እገባለሁ። ዩኒቨርሲቲው ቦታ አለን ብሎኛል።»

ስለ እንጨት በሕይወቴ አስተያየት ኖሮኝ አያውቅም። በዚህ ማስታወሻ ግን በባሕር ዳር ከተማ ከማንም በላይ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሆንሁ።

አሁን የስልኩን ነገር ልንገርሽ። በጥር መጥተሽ ሦስት ሳምንት አልጋዋ ሥር ስትተኚ እናትሽ አንዲት ቃል አልነበራትም። በመጋቢት ደውዬ «መናገር ጀመረች» ስልሽ በደስታ አለቀስሽ፤ እኔም አላቋረጥሁሽም። የዋሸሁሽ አይደለም። መናገር ጀምራለች። የምትናገረው ግን አንድ ቃል ነው። ቃሉም «እሺ» ነው።

ሐኪሙ የተለመደ ነገር ነው አለኝ። አንጎሏ ውስጥ ደሙ የፈሰሰበት በኩል ቃላቱ ሁሉ ይወድሙና አንዲት ቃል ከፍርስራሹ ትተርፋለች። የምትተርፈውን ቃል የሚመርጠው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ማንም አይመርጣትም አለ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማሁት ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንደኛው የተጋባን ቀን ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ ተጠይቃ። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ እሺ ናት። ውሃ ልስጥሽ? እሺ። ልተወው? እሺ። እህቷ ትራስ ስታስተካክል ያን የደከመ ክንዷን ስትስባት፣ እንባዋ እየወረደ፣ እሺ። ጎረቤት መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ሲላት እሺ ስትለው በትሕትናዋ ተደንቆ ይሄዳል። የፋብሪካ ጓደኞቿ ግን ድሮ ያውቋታልና አንድ ቀን መጥተው አልተመለሱም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ጠይቅልኝ ያልሽኝ። ጠየቅኋት። ማስታወሻሽን ከላይ እስከ ታች አነበብሁላት። ስምሽ ላይ ስደርስ ዓይኗን ከጣሪያው አውርዳ አየችኝ። «ያግዛል?» አልሁ። እሺ አለች። «ይሸፍናል?» እሺ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። እሺ አለች።

ትቅመሰው እንዳልል ቀጭን ፈሳሽ ተከልክላለች፤ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ውሃ እንኳ እንደ አጥሚት ወፍሮ በማንኪያ ነው የምትወስደው። ውስኪ እንደዚያ ይወፍር እንደሆነ አክስትሽን ባማክራት «አንተም ታይ» አለችኝ።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ። ከመሸንቲ «ለሁለት ሳምንት» ብላ የመጣች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የአረቄ ማውጫዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ስለመጣች በየቀኑ እየደወለች ጎረቤቷን ትሳደባለች፤ ከዚያ እናትሽን አጥባ፣ ገልብጣ፣ አብልታ ከእኔ ጋር ትጣላለች። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስተረጉምላት «ሁለት ጊዜ» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቷ በራ።

«ዳግም ነዋ! እንዲያ አትለኝም?»

ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ነው፤ ይህ ግን ሁለት ጊዜ በርሜል የገባ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርሁ። ማን ሊሰማኝ። ስኒ ማስቀመጫ ላይ አንድ ማንኪያ አፍስሳ ክብሪት ጫረች። ጥሩ ዳግም ወዲያው ሰማያዊ ነበልባል ያወጣል። ያንቺው ግን ሁለት ክብሪት በላ፤ በሦስተኛው ትንሽ እንደ መንደድ አለና ተወው።

«ውሃ አለበት» አለች፣ ሬሳ እንደ መረመረ ሰው።

«አዎ። የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ስንት እጅ እንደሆነም ጽፈውታል።»

«ውሃ ጨምረው ጻፉት?» ጠርሙሱን አዙራ አየችው። «እኛ ጋ እንኳ የምትጨምር ሴት ታፍራለች። በል ስጠኝ መሸንቲ ወስጄ ልድገምላት፤ ልጅቷ ሰው ፊት እንዳታፍር።»

የበርሜሉ ነገር በመጨረሻ ሲገባት ግን ያለችው ከራሴ አልወጣም። «ጋን በወይራ አንዴ ይታጠናል» አለች። «አጥና ስትጨርስ መልሳ የምታጥን ሴት ካየህ፣ ስለ ጠላዋ አንተ የማታውቀውን ነገር ታውቃለች።» ልብ በይ፤ ጥያቄሽን ሳልነግራት ነው። ግን ደግሞ አልቀመሰችውም፤ ክብሪት የጫረ ሰው ቀመሰ አይባልም። እናትሽ ብትኖር፣ ማለቴ እንደ ድሮዋ ብትሆን፣ የእህቷን ፍርድ ገና ሳያልቅ ታቋርጣት ነበር።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍሁልሽ። ይህኛውን አይደለም። ግማሽ ገጽ ነበር። «እናትሽ ይሸፍናል ብላለች» የሚል። የእሷንም አነጋገር አስገብቼበት ነበር፤ «ሁለተኛው በርሜል ጥሩ ኮት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን አልታጠበም» ብላለች ብዬ። ሠላሳ ዓመት ሰው የጻፈውን ሲደረድር የኖረ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንድ ቀን ራሱ ሲጽፍ፣ የተሳካለት ነገር ውሸት መሆኑ ገረመኝ። ያንቺን ክፍል ከፈትሁት፤ አልጋሽ ላይ የተከማቸውን የእናትሽን ዳይፐርና መድኃኒት አንሥቼ ወደ ሳሎን አወጣሁት። መስኮቱን ከፈትሁት። ከዚያ ደብዳቤውን ለሙሀመድዘይን አነበብሁለት።

ሙሀመድዘይን የቅመም ሱቁን ለልጆቹ ከለቀቀ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አይቀርብንም። እናትሽ አጠገብ ተቀምጦ የኮረሪማውንና የጥቁር አዝሙዱን ገበያ ይነግራታል፤ እሷም እሺ ትለዋለች። ሠላሳ ዓመት ስትከራከረው የኖረች ደንበኛው ስለሆነች ይህ ያስከፋዋል መሰለኝ። ደብዳቤውን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«አማርኛው ያምራል» አለ።

«ልላከው?»

«ብትልከው ትመጣለች። ከመጣች ደግሞ በየቀኑ ቁርስ ላይ ፊት ለፊትህ ትቀመጣለች። አንተ ፊትህ ምስጢር አይዝም፣ መርስዔ። እኔ ብሆን እልከው ነበር።»

ቀደድሁት። ዳይፐሩንም ወደ ክፍልሽ መለስሁት።

እሱ ግን ቁጭ ብሎ ማሰቡን አላቆመም። «ቆይ እስኪ» አለ እናትሽን እያየ። «ሰገነት ድሮስ በአፏ ነው እንዴ የምትፈርደው? በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ‹ጥሩ ነው› ብላኝ አታውቅም። ቅመሙን መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። ካልወደደችው እጇን በቀሚሷ ጠርዝ ጥርግ ታደርጋለች። ከወደደችው አትጠርግም፤ እጇን ጨብጣ እንደያዘች ነው ከሱቁ የምትወጣው። እኔ ሚዛን የማነሳው አፏን ሰምቼ እንዳይመስልህ፤ እጇን አይቼ ነው።»

መዳፏ ላይ ማሸቷንስ እኔም አውቃለሁ። ፋብሪካ ሳለችም መጠጥ ሲመጣላት ሁለት ጠብታ መዳፏ ላይ አሽታ ትጠብቅ ነበር፤ «አልኮሉ ይሂድና የቀረውን እናያለን» ትል ነበር። የመጥረጉን ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር አላየሁም። ያየው ቅመም ነጋዴው ነው። ይህን እያሰብሁ ወደ እጇ አየሁ፤ እሱም ገብቶት ወሬውን ወደ ኮረሪማ መለሰው።

እናም እሑድ ዕለት ከሙሀመድዘይን ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ቤት ውስጥ እንዳይሆን ያልሁት እኔ ነኝ፤ እናትሽ ሽንኩርት በተቁላላበት ቤት መጠጥ አትፈትንም ነበር። ባለ ጎማ ወንበሯ በአንድ ባጃጅ፣ እኛ በሌላ። ባጃጁ ውስጥ አክስትሽ ከኋላ ታቅፋት፣ እኔ ከፊት እየዞርሁ አያታለሁ። የዳርቻው መናፈሻ በር ላይ «የውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ዋርካው ሥር ተቀምጠን ጠርሙሱን ከዘንቢል ሳወጣ አስተናጋጇ መጣች።

«አባት፣ ይሄ ከየት ነው?»

«ከስኮትላንድ።»

«ማስታወቂያውን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ከማስታወቂያው ሁሉ የከበደ ጉዳይ ይዘን ነው።»

እናትሽን አየቻት። ሄደችና ሳንጠይቃት ንጹሕ ብርጭቆ ይዛ መጣች።

ሙሀመድዘይን ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በጣቱ ለክቶ የመጠጡ ሽታ እንዳይነካው ከነፋሱ መንገድ ወጥቶ ማዶ ተቀመጠ። ወደ ሶላት የሚሄድበት ልብስ ነበር የለበሰው። ከዚያ በማንኛው እጇ ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። ግራ እጇ ሕይወት አለው፤ ቀኙ የለውም። እኔ በግራው ልል ስል ሙሀመድዘይን ከማዶ «ታዲያ በምን ትጠርገው?» አለ። ልክ ነው። በግራ መዳፏ ላይ ካፈሰስሁት የሚጠርግ እጅ አይኖራትም፤ ሳትጠርግ ብትቀር ወደደችው ልንል አንችልም። ስለዚህ በቀኙ ሆነ። ያን የማይታዘዝ እጇን ገልብጬ ጉልበቷ ላይ አኖርሁት፤ ጣቶቿን ዘረጋኋቸው፤ ሁለት ጠብታ አፍስሼ በአውራ ጣቴ አሸሁላት። መዳፏ እንደ ድሮው ሻካራ ነው።

አልኮሉ እስኪሄድ ስንጠብቅ እኔ ደግሞ ከጠርሙሱ ጋር የላክሽውን የቅምሻ ቅጽ ለመሙላት አንድ ጭላጭ ቀዳሁ። አብሬ አያይዤልሻለሁ፤ ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ግን እዚህ ልድገመው። ቀለሙን ከሐይቁ ፊት ለፊት አንሥቼ አየሁት፤ የዛገ ሚስማር ያደረበት ማር ይመስላል፣ ነቀፋ አይደለም። ሽታው ወዲያው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው የወሰደኝ፤ በ1987 አዲስ መደርደሪያ የገባልን ሰሞን የነበረው የቫርኒሽና የመጋዝ ትቢያ ሽታ፣ ከኋላው በድስት ሥር የያዘ ስኳር። ቫኒላ ትፈልጋለህ ብለሻል። እኔ ቫኒላን የማውቀው በብስኩት ስለሆነ ብስኩት ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ቴምርና ቅርንፉድ መጣ፤ ቅርንፉዱን ከሙሀመድዘይን ልብስ ነው ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ከነፋሱ መንገድ ውጭ ነው። አፍ ሲገባ ጨዋ ነው፤ መሀል ምላስ ላይ ሲደርስ ይከራከራል፤ ሲወርድ ደረት ላይ እንደ እጅ ያርፋል። ፍጻሜው ከተዋጠ በኋላ አፍ ላይ ስንት ይቆያል ላልሽው፣ አንዲት ዳክዬ ከእምቦጩ ጫፍ ተነሥታ ጀልባዎቹ የታሰሩበት እስክትደርስ ቆየ። መጨረሻው ላይ ምሬት አለ። የእንጨቱ ይሁን የእኔ ልለየው አልቻልሁም።

የተሸፈነ ነገር እንዳለም ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ተጎንጭቼ ፈለግሁ፤ ያለቦታው የተደረደረ መጽሐፍ እንደምፈልግ አድርጌ። አላገኘሁም። ሥራዬ ያስተማረኝ ግን፣ አላገኘሁትም ማለት ቤቱ ውስጥ የለም ማለት እንዳልሆነ ነው። ከመቶ ሰባ ስምንት ሰጠሁት። ከዚያ ልጄ መሆንሽ ትዝ አለኝና እንዳላዳላ ብዬ ሰባ ስድስት አደረግሁት።

«በል፣ ሄዷል» አለች አክስትሽ። አልኮሉን ማለቷ ነው።

የእናትሽን ቀኝ እጅ በሁለት እጄ አንሥቼ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁት። ዓይኗ ሐይቁ ላይ ነበር። አንዴ ተነፈሰች፣ ረጅም። ሁለተኛ ተነፈሰች። እጁን መልሼ ጉልበቷ ላይ አኖርሁት፣ መዳፉ እንደተገለበጠ፤ ቀሚሷን አጠገቡ አመቻቸሁላት። ሦስታችንም ግራ እጇን ነበር የምናየው። ፍርድ ቤት ስቆም እንኳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ ለነገሩ ቆሜም አላውቅም። እንድትጠርግ ፈለግሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንድትጠርግ ነበር የፈለግሁት። በልቤ «ጥረጊው፣ ሰግዬ» አልሁ። ጮክ ብዬ ብናገረውማ እሺ ትለኝ ነበር።

ግራ እጇ ከወንበሩ ክንድ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። መጣ። ቀሚሷን አልፎት ሄደ። የቀኝ እጇን ትንሽ ጣት ያዘና ወደ መዳፉ አጠፈው። ቀጥሎ ያለውን ጣት አጠፈ። እንዲህ እያለ አራቱን አጥፎ፣ አውራ ጣቱን ከላይ አድርጎ፣ ያን ጭብጥ በራሱ ሸፍኖ ይዞት ቀረ።

ከዚያ ሙሀመድዘይን ከማዶ፣ «አልጠረገችም» አለ።

«ስፖርቷ ነው እኮ» አለች አክስትሽ። «የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ያስተማረቻት ነው። በጤናማው እጅሽ የታመመውን ጣት አንድ በአንድ እጠፊ አላለቻትም? ሐሙስ ሐሙስ የምታደርገው ይህንኑ ነው።»

እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደ መሆኔ ነገሩን ለመመዘን ሞከርሁ፤ ስፖርቱ ማጠፍና መዘርጋት ነው፣ ዐሥር ጊዜ። እሷ አንዴ አጥፋ አልዘረጋችውም። ልጅቷ «ዘርጊ» ካላለቻት አትዘረጋም ትላለች አክስትሽ። ሙሀመድዘይን ደግሞ ዘንዘልማ እስክንደርስ ባጃጁ ውስጥ እንደጨበጠች ነበር ይላል፤ ሶላቱ እያለፈበት አብሮን የመጣው ይህን ለማየት ነው። ቤት ገብተን አልጋዋ ላይ ስናወጣት አክስትሽ ጭብጡን ፈታ በለብ ያለ ውሃ አጠበችላት። «ወደድሽው ወይ?» አልኋት። እሺ አለች። ጥያቄውን ባልጠይቃት ይሻል ነበር።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። አንቺን ማምጣት የሚችል አንድ ቃል እጄ ላይ ነው፤ ቃሉን የምታምኚው ደግሞ ከእሷ መጣ ካልሁሽ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በኋላ «አባዬ ለምን አልነገርኸኝም» እንዳትዪኝ ነው እንጂ በሕመሟ ልስብሽ አይደለም። መጥተሽ አይተሻታል። የሚያስፈልጋት የሚያነሣ ጉልበትና የሚሳደብ እህት ነው፤ ሁለቱም አሉ። እኔም አለሁ፣ ለሚጠቅመው ሁሉ።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው፤ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። እናትሽ መዳፏ ላይ አሽታ አልጠረገችውም። ጨብጣ ይዛው ወደ ቤቷ ገብታለች። ሠላሳ ዓመት የሸጠላት ሰው፣ ለዚህች ሴት ሚዛኑን ባነሣሁ ነበር ብሏል። ያግዛል ማለት ነው። ፈርሚ።

ሦስት ዓመት ብዙ አይደለም። መደርደሪያዎቹን ለማስገባት ብቻ አራት ዓመት ነው የጠበቅነው።

በቀመምሽው ሁሉ እጅሽ አይሳት፤ አፍንጫሽም ሰው ደስ እንዲለው ብሎ አይዋሽሽ። እመቤታችን በዚያ ጭጋግ ውስጥ መንገድሽን ታብራልሽ። ሙሀመድዘይን በእሱ በኩል ዱዓ አድርጌላታለሁ በላት ብሏል፤ በሁለት ወገን ተይዘሻል ማለት ነው። አክስትሽ የቀረውን ጠርሙስ መሸንቲ ወስዳ እንዳትደግመው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ለርሆቦት ሰላም ልበልልሽ ወይ ብላት እናትሽ እሺ ብላለች፤ ይህኛውን ግን ከልቧ ነው ብዬ ነው የያዝሁት።

አባትሽ
መርስዔ ኀዘን

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። ፖስታውን ሳላሽገው ይህን ልጨምር። ዛሬ ጠዋት በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣው የነርቭ ሐኪም እናትሽን አየልን፤ የታኅሣሡን የራስ ፊልም መስኮቱ ላይ አድርጎ በእርሳስ አሳየኝ። ያኔ ስትወድቅ ከማጅራቷ በኩል ተመትታ የማሽተት ነርቮቿ ተበጥሰዋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ምንም ነገር አይሸታትም።